60 ሺህ ብር አለን፣ ለልጆች መጽሐፍ፣ ለጣና ወይስ ለአህያ?

ጃንተከል_ስር፦
ሰላም የጎንደር ልጆች እንዴት ናችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የሃይስኩል ጓደኛሞች ነን አስር ሰው፣ በየወሩ 500 500 ብር እናዋጣለን፣ ድሮ ለጥምቀት ሰሞን መዝናኛ ነበር የሚሄደው ዘንድሮ ግን አንዴ እንኳ የሚረባ ነገር እንስራበት ተባለና 60 ሺህ ብር ሞላ። ጭቅጭቁ የመጣው ከዛ በኋላ ነው። አንዷ ለህጻናት ማንበቢያ መጽሐፍ ካልተገዛ ሞቼ እገኛለሁ አለች። ዲሲ ያለው ጓደኛችን ደግሞ እዛ ስለ ባህር ጥበቃ፣ ስለ ኤሊና ፕላስቲክ ምናምን ቪዲዮ ሲያይ ይውላል መሰለኝ ለባህር እንስጥ ይላል፣ ኧረ ወንድሜ ባህር የለንም ስንለው ጣናስ? አለ። እሱም ልክ ነው፣ አያቴ ጣናን ባህር እንጂ ሀይቅ ብላ ጠርታው አታውቅም። ሶስተኛዋ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ገጣባ አህያ አይታ እያለቀሰች መጣች፣ ከዛ ወዲህ ስለ ሌላ ነገር ማውራት አቁማለች። እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ፣ መሀል ላይ ተቀምጬ እሰደባለሁ። የቱ ይሻላል? ደግሞ ለድርጅት እንስጥ ወይስ ራሳችን እንስራው?

እትዬ_ፊደል፦
እኔ 19 አመት አንደኛ ሳይክል ያስተማርኩ ነኝ ስለዚህ ለማን እንደማደላ ታውቀዋለህ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሀገር ደረጃ በተደረገው የንባብ ምዘና ሁለተኛ ክፍል ከደረሱት ልጆች 34 ከመቶው ከምንባቡ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም፣ ልብ በል ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት አመት የተማሩ ናቸው። ግን ወንድሜ መጽሐፍ ገዝታችሁ፣ አስረክባችሁ፣ ፎቶ ተነስታችሁ እንዳትሄዱ። አንድ ያስተማርኩበት ትምህርት ቤት ከውጭ በካርቶን የመጣ መጽሐፍ ነበረ፣ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ፣ ስለ በረዶና ስለ ገና ዛፍ፣ እሱም ቢሆን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው፣ ሰውየው ሲዛወር ቁልፉም አብሮ ተዛወረ። አልዋሽህም፣ ከአመት በኋላ ሲሰበር ምስጥ በልቶታል። ለምን ተቆለፈ ብትለኝ ደግሞ ንብረት ነዋ! ከጎደለ ቆጠራ ላይ የሚጠየቀው መምህሩ ነው፣ ስለዚህ ማንም አያበድርም። ከትምህርት ቤቱ ጋር መጀመሪያ የምትነጋገሩት ይሄን ነው፣ በአመት ይሄን ያህል መጽሐፍ ቢቀደድና ቢጠፋ ማንም አይጠየቅም ብለው ይፈርሙ። እኔ የተቀደደ የልጆች መጽሐፍ ሳይ ደስ ነው የሚለኝ።
ስትገዙም መቶ አይነት አንድ አንድ ሳይሆን ሀያ አይነት ቀጫጭን የአማርኛ መጽሐፍ አምስት አምስት ኮፒ ይሁን፣ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ገጽ ሲያነቡ ነው የሚገባቸው።
ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የሚባለውን ሰው ታውቁታላችሁ? አሜሪካ የህጻናት ላይብረሪያን ነበር፣ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ አዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ አዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት። አህዮቹ ሲመጡ ልጆች እየሮጡ ይከቧቸው ነበር አሉ። የናንተን ሁለት ጭቅጭቅ ባንዴ የሚፈታ ሰው😂

የደንቢያው፦
ለጣና እንስጥ ያለው ልጅ ልቡ ጥሩ ነው ግን 60 ሺህ ብር ለእምቦጭ ውሃ ላይ መበተን ነው፣ እኔ በባለታንኳ ቤት ያደኩ ነኝ ስሙኝ። አረሙ ከመጣ ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ስንነቅል ነው የኖርነው። ትንሽ ስሩ ወይ ቁራጩ ከቀረ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ዘሩ ደግሞ ጭቃ ውስጥ አመታት ተቀምጦ ይበቅላል፣ ነቅለህ ዳር ላይ ከከመርከው ክረምት ሲመጣ ጎርፉ መልሶ ያስገባዋል። የሚያፋፋው ከእርሻው የሚወርደው ማዳበሪያና ከከተማ የሚመጣው ቆሻሻ ነው። ጣናን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጥብቅ የተፈጥሮ ስፍራ (ባዮስፌር) ብሎ መዝግቦታል፣ እሰየው፣ መዝገቡ ግን አረም አይነቅልም።
እናንተ ጎንደሮች ማድረግ የምትችሉት ካለ ቀሃና አንገረብ ላይ የምትጥሉትን ላስቲክ ተውት። ስቄ አይደለም የምለው። እሱ ሁሉ በመገጭ አድርጎ እኛ ጋ ነው የሚወርደው፣ መረብ ስናወጣ ግማሹ የውሃ ፕላስቲክ ነው። ሌላው ክረምት ነው፣ ነጭ አሳው እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ መገጭ አፉ ላይ መረብ የሚዘረጋ አለ፣ እንቁላሉን እንደያዘ ነው የሚያወጡት። ብዙዎቹ ዝርያዎች ከጣና በቀር የትም የሉም። ያንን ለማስቆም ብር ሳይሆን ሽማግሌ ነው የሚያስፈልገው።

ቪቲ_ቴዎድሮስ፦
የእንስሳት ህክምና ተማሪ ነኝ፣ ለአህያዋ ያለቀሰችው ልጅ ሰላም በሉልኝ። ሀገራችን በአህያ ብዛት ከአለም አንደኛ ናት ይባላል፣ ግን አህያ ታክማ የምታውቀው ስንቷ ናት? ሰው በሬው ሲታመም ይሮጣል፣ አህያ ስትታመም "የአህያ ነገር" ብሎ ይተዋታል። ገጣባ ከጭነት ብዛት ብቻ አይመጣም፣ ከጀርባዋ ላይ የሚነጠፈው ቀጭን ማዳበሪያ ጆንያ ስለሆነና ገመዱ ናይለን ስለሆነ ነው፣ ናይለኑ በላብ ሲርስ ጅራቷ ስር ይቆርጣታል። በጭድ የተሞላ ወፈር ያለ ምንጣፍ፣ መሀሉ አከርካሪዋን የማይነካ፣ ከሰሌንና ከአሮጌ ብርድ ልብስ ይሰፋል፣ ብዙ ብር አይፈጅም። ቁስሉን ደግሞ ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ማጠብ፣ የባትሪ ድንጋይና የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ እባካችሁ። ስፓናና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ የሚባሉት የእንስሳት እርዳታ ድርጅቶች ቢሾፍቱ አካባቢ ብዙ አመት ሰርተውበታል፣ ባለቤቱን ሳትሰድቡ ማስተማር ነው ዋናው፣ ሰውየውም የእለት እንጀራው እሷ ናት።
ስለ ውሻ ማንም አላነሳም እንዴ? በመርዝ መግደል ይቀላል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ የሞቱት ቦታ ሌሎች ይመጣሉ። ከሰፈሩ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ይቆማል። ባሌ ላይ ቀይ ቀበሮን ስንት ጊዜ የጨረሰው ይሄው በሽታ ነው፣ ስሜን ተራራ ላይ ያሉትም አደጋ ላይ ናቸው፣ በአለም ላይ የቀሩት 500 እንኳ አይሞሉም። የተነከሰ ሰው ካለ ደግሞ ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ሀኪም ቤት፣ ነገ አይባልም።

ሂሳብ_ሹም፦
ለድርጅት ከሆነ መጀመሪያ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን ጋ መመዝገቡን ጠይቁ፣ የምዝገባ ወረቀት አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። አዋጅ 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 ከመቶ እንዳይበልጥ ይላል። የአመቱን ኦዲት ሪፖርት ጠይቁ፣ "እንልክላችኋለን" ብሎ ከጠፋ መልሱ ተገኘ። ብሩ በግለሰብ አካውንት ይግባ ከተባለ ደግሞ ሩጡ። ትንሽ ነው ብላችሁ ግን አትፈሩ፣ ሊንክ ኢትዮጵያ የሚባለው ትምህርት ቤቶችን የሚረዳ ድርጅት እዚሁ ጎንደር ፋሲለደስ ትምህርት ቤትና አንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 በጀመሩት ጓደኝነት ነው የተነሳው።

ጃንተከል_ስር፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ግሩፑ ላይ ለጠፍኩትና ተስማማን መሰለኝ። 45 ሺው ለመጽሐፍ፣ ትምህርት ቤቱ እንደማይቆልፍበት ከፈረመ ብቻ፣ ካልፈረመ ሌላ ትምህርት ቤት። 15 ሺው ለአህያ ምንጣፍ፣ ቪቲ አንተን ቅዳሜ ገበያ ላይ እንፈልግሃለን፣ ልኩን የሚያሳየን ሰው ያስፈልጋል። ለጣና ብር የለም፣ ግን ክረምት ሳይገባ አንድ እሁድ ቀሃ ወርደን ላስቲክ እንለቅማለን፣ አያ ደንቢያው እንዳትታዘበን። እትዬ ፊደል የውሉን ጽሁፍ በኢንቦክስ ብትልኪልኝ።

ፖቶማክ_ዳር፦
ዲሲ ያለው እኔ ነኝ፣ ሊንኩን ልከውልኝ ነው የገባሁት። አንደኛ ኤሊ ብዬ አላውቅም። ሁለተኛ ጓንትና ጆንያ የምገዛው እኔ ነኝ፣ እሁዱን ንገሩኝ።