ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ዕዳው ገና ተከፍሎ ባላለቀ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ከፋሲካ በኋላ ወደ እጮኛዬ ቤተሰቦች ሽማግሌ ለመላክ አስቤ ነበር፤ አሁን ግን መላኩም መተዉም አቃተኝ።

በ2010 ዓ.ም ፖለቲካው ይስተካከላል ብለው ከልባቸው ካመኑት አንዱ ነበርኩ። ያ ተስፋ በጦርነትና በብሔር ስድብ ሲያልቅ ዜና መከታተል ትቼ ስለ ትዳር የሚያወሩ የቲክቶክ ቪዲዮዎችን ማየት ጀመርኩ፤ እዚያም የጠበቀኝ ያው ስድብ ነው። ለእኔ «ሴት የምትፈልገው ቤትህን ነው» የሚል ይመጣልኛል፣ ለእሷ ደግሞ «ወንድ አይታመንም» የሚል፤ መተግበሪያው ቆም ብለው ያዩትን እየደጋገመ ያቀርባልና። በቅርቡ ማኪያቶ ይዘን የቤቱ ዕዳ ሲነሳ፣ ሁለታችንም የቪዲዮዎቹን ቃል እየተወራወርን መሆናችን ገባኝ፤ እሷ ስልኳን ገልብጣ አስቀምጣ ዝም አለች።

በ1992 ዓ.ም የወጣው የቤተሰብ ሕግ ከጋብቻ በፊት የተፈራ ንብረት የግል ሆኖ እንዲቀር፣ የጋብቻ ውልም በጽሑፍ፣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክሮች ባሉበት እንዲደረግ ይፈቅዳል። ችግሬ ቀሪው ዕዳ ከጋብቻ በኋላ ከጋራ ገቢያችን የሚከፈል መሆኑ ነው። በዚህ ያለፋችሁ፣ የውሉን ነገር ከሽማግሌ በፊት ነው ያነሳችሁት ወይስ በኋላ? ቤተሰቧ እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩትስ በምን አኳኋን ልጀምረው?