ለንደን የገዛነው ቤት የሊዝ ዘመኑ ሲያልቅ የማን ይሆናል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር ለንደን ውስጥ የገዛነው አፓርታማ «ሊዝሆልድ» መሆኑን ብናውቅም፣ የቀረው ዘመን 74 ዓመት ብቻ መሆኑን የሰማነው የባንክ ብድራችንን ልናድስ ስንሄድ ነው። ሀገር ቤት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ቤቱ የባለቤቱ ስለሆነ፣ እዚህም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ ልጆቻችን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ማለት ነው?

መልስ 1

እህቴ፣ ስሙ ቢመሳሰልም ነገሩ የተለየ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እናንተ የገዛችሁት ቤቱን ለተወሰነ ዘመን የመያዝ መብት ሲሆን፣ መሬቱም ሕንፃውም የ«ፍሪሆልደሩ» ነው፤ እሱም ግለሰብ ወይም ኩባንያ ሊሆን ይችላል። የቀረውን ዘመን ለልጆቻችሁ ማውረስ ትችላላችሁ፤ ዘመኑ ሲያበቃ ግን ቤቱ ያለ ካሳ ወደ ፍሪሆልደሩ ይመለሳል። ይህ ማለት ግን በማግስቱ ዕቃችሁ ውጭ ይጣላል ማለት አይደለም። በ1989 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ፣ ቤቱን ዋና መኖሪያው ያደረገ ሰው ፍሪሆልደሩ በደንቡ መሠረት ማስታወቂያ እስኪሰጠው ድረስ እንዲቆይ፣ ከዚያም በአብዛኛው የገበያ ኪራይ እየከፈለ እንዲኖር ይፈቅዳል። በገዛ ቤት ተከራይ መሆን ግን መራራ ነው።

መልስ 2

ዋናው ጉዳይ እዚያ ሳይደርስ ማራዘም ነው። በ1993ቱ ሕግ መሠረት በቀረው ላይ 90 ዓመት ይጨመራል፤ የእናንተ 164 ይሆናል፤ ለፍሪሆልደሩ የሚከፈለው ዓመታዊ የመሬት ኪራይም ይሰረዛል። ቀድሞ ሁለት ዓመት በባለቤትነት መቆየት ግዴታ ነበር፤ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ቀርቷል። ችግሩ የቀረው ዘመን ከ80 ዓመት በታች መውረዱ ነው፤ በማራዘሙ ምክንያት ቤቱ ከሚጨምረው ዋጋ ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይታሰባል። የ2024ቱ ሕግ ይህን ለማስቀረትና ማራዘሚያውን 990 ዓመት ለማድረስ ቢደነግግም፣ ሕጉ ጸደቀ ማለት አንቀጾቹ በሙሉ ሥራ ላይ ዋሉ ማለት አይደለም። ስለዚህ እሱን እየጠበቃችሁ ዓመታት እንዳታባክኑ እለምናችኋለሁ፤ ዘመኑ ባጠረ ቁጥር የማራዘሚያው ዋጋ ይንራል። በዋጋው ካልተስማማችሁ ጉዳዩን የንብረት ፍርድ ጉባኤ ይወስናል።

መልስ 3

እኔ የተጎዳሁት በቀን ቆጠራ ስለሆነ ይህን ልጨምር። ደላላው «99 ዓመት ነው» ሲለኝ ከገዛሁበት ቀን የሚቆጠር መስሎኝ ነበር። ልሸጥ ስነሣ ጠበቃዬ ውሉን ገልጦ በጣቱ ያሳየኝ መስመር «ከዲሴምበር 25 ቀን 1987 ጀምሮ» ይላል፤ እኔ ግን የገዛሁት በ2010 ነበር። ሁለት ገዢዎች ባንካቸው አላበድርም ስላላቸው ጥለውኝ ሄዱ። የባንኩን ቃል ብቻ ይዘሽ አትቀመጪ፤ የቤቱን መዝገብ ቅጂ ከመሬት መዝገብ መሥሪያ ቤቱ በጥቂት ፓውንድ አውጪና የመነሻውን ቀን ራስሽ አንብቢው። ከዚያ ለፍሪሆልደሩ ደብዳቤ ከመጻፍሽ በፊት፣ በሊዝ ጉዳይ የተካነ የዋጋ ገማች ቤቱን ይየው።