የነጻነት ሕዝበ ውሳኔዎችን በአንድ ሰንጠረዥ ማወዳደር ስሕተት ነው?

ተመራቂዋ፦
የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ስለ ነጻነት ሕዝበ ውሳኔዎች ነው። «ነጻነት» ብለው የመረጡትን በመቶኛ ደረደርኳቸው፦ ኤርትራ 99.8 (እ.ኤ.አ. 1993)፣ ደቡብ ሱዳን 98.83 (2011)፣ ሞንቴኔግሮ 55.5 (2006)፣ ኩቤክ 49.42 (1995)፣ ስኮትላንድ 44.7 (2014)። አማካሪዬ ሰንጠረዡን አይተው «እነዚህን ምን አገናኛቸው?» ብቻ አሉኝ። ሁሉም የነጻነት ሕዝበ ውሳኔዎች ናቸው፤ ሌላ ምን ያገናኛቸው?

የቀድሞ ተመራማሪ፦
እህቴ፣ አማካሪሽ ደግ ሰው ናቸው። የእኔው ፈታኝ ይህንኑ የመሰለ ሰንጠረዤን በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር ሰርዞ ነበር የመለሰልኝ።

በኤርትራ ጦርነቱ ያበቃው በ1991 ነው፤ ድምፅ የተሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ። በጦር ሜዳ ያለቀው ነገር ነው በካርድ የጸደቀው። የኩቤክ መራጭ ግን ጠዋት ድምፅ ሊሰጥ ሲወጣ ማታ ምን እንደሚሰማ አያውቅም ነበር። ከ99.8 ላይ 49.42 ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር የሚለካው ነገር የለም።

ይልቅ ሞንቴኔግሮን ደጋግመሽ እይ። የአውሮፓ ኅብረት 55 በመቶ ካልሞላ አልቀበልም ስላለ፣ 55.5 በመቶ ለጥቂት ያለፈ ውጤት ሆነ። በተራ አብላጫ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልተጨነቀ። የካናዳ ፓርላማ እንደ ኩቤክ ያለ ክፍለ ሀገር ስለሚለይበት ሁኔታ በ2000 ያወጣው ሕግ ደግሞ «ግልጽ አብላጫ» ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገርም። (ሕግ አርቃቂዎች ዝምታን ያውቁበታል።)

ደሴት ወዳዱ፦
ኒው ካሌዶኒያንም ጨምሪ። ከፈረንሳይ ለመለየት ሦስት ጊዜ ድምፅ ሰጥታለች። «አይሆንም» ያሉት በ2018 56.7፣ በ2020 53.3 በመቶ ነበሩ፤ በ2021 ግን 96.5 ሆኑ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው የሕዝቡ ልብ በአንድ ዓመት ተገለበጠ ይላል። ነገሩ ሌላ ነው፦ የነጻነት ደጋፊዎች በኮሮና ለሞቱባቸው ሰዎች የሐዘን ጊዜ እንዲሰጣቸውና ድምፁ እንዲራዘም ጠይቀው እምቢ ስለተባሉ ሳይመርጡ ቀሩ። ተሳትፎው ከ86 በመቶ ገደማ ወደ 44 ወረደ።

ተመራቂዋ፦
አሁን ገባኝ መሰለኝ። ታዲያ የ2017ቷን ካታሎኒያን ላውጣት? 90 በመቶ «አዎ» ቢሉም የስፔን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት አግዶት ነበር።

የቀድሞ ተመራማሪ፦
እንዳታወጪያት! ተቃዋሚዎቹ በአብዛኛው ከቤታቸው ስላልወጡ ተሳትፎው 43 በመቶ ገደማ ነበር፤ የምታስተምርሽም በዚሁ ነው። ከመቶኛው በፊት ሁለት ዓምዶች ክፈቺ፦ ማዕከላዊው መንግሥት ተስማምቶ ነበር? የተሸነፈው ወገን ወጥቶ መርጧል? ለስኮትላንድ ሁለቱም «አዎ» ናቸው። የሌሎቹን አንቺው ሙዪ። መቶኛውን ግን እኔ ብሆን በእርሳስ ነው የምጽፈው።