ከቅዳሜ ገበያ ያየሁት የቆዳ ቆብ የታንከኛ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አንድ አሮጌ ዕቃ ሻጭ ጥቁር የቆዳ ቆብ አሳየኝ። ዙሪያውን ወፍራም የታጨቀ ቀለበት አለው። ሰውዬው «የሞተር ብስክሌት ነው» ይላል፤ እኔ ትክ ብዬ ባየሁት ቁጥር ግን ዋጋው ይጨምራል! በምን ልለየው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፊትህን ሰብሰብ አድርግ። የገለጽከው የጣሊያን ታንከኞችን ቆብ ይመስላል። ቀለበቱ ጭንቅላት ከብረቱ እንዳይላተም ነው፤ ኤል 3 የምትባለው ታንክ ሁለት ሰው ብቻ አጣብቃ የምትይዝ ጠባብ ናት። በታኅሣሥ 1928 የራስ እምሩ ሠራዊት ደምበጉና ላይ የማረካትና ያቃጠላት እሷን ነው። ውስጡን ገልብጠህ ስፌቱንና በላብ የጠቆረውን ገበር እይ። የጫማ ቀለም ከሸተተህ ተወው።

መልስ፦ ሻጩ የወታደር ልብስ የአንገትጌ ምልክትም ካለው ጠይቅ፤ የታንከኞቹ በሰማያዊ መደብ ላይ ባለሁለት ጫፍ ቀይ ነበልባል ነው። የጣሊያን ጦር ጎንደርን እስከ ኅዳር 1934 ስለያዘ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ እዚያ መገኘቱ አያስገርምም።

መልስ፦ ልጄ፣ ከገዛኸው ወደ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወስደህ አሳያቸው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ክልክል ነው። ቆዳውን ደግሞ በቅቤ እንዳታሸው፣ አደራ!