ክርክር፦ አንደኛ የወጣ ሁሉንም ይውሰድ ወይ?

ትዕግሥት (አዲስ አበባ)፦
እስቲ ዛሬ በዚህ እንከራከር። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 ላይ የተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ነው ይላል። ግማሹን ማለፍ ግዴታ አይደለም። አንዱ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ከመቶ ቢያገኙ ባለ 40ው ይገባል። የቀሩት 60ዎቹ ድምፃቸው ውኃ በላው።
በ1997 የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች ተቃዋሚው ጠቅልሎ ወሰደ። ከከተማው ምክር ቤት 138 ወንበሮች ደግሞ ቅንጅት 137ቱን አገኘ። በ2002 ከ23ቱ 22ቱ የኢሕአዴግ ሆኑ። ከተማው ያው፣ ሕዝቡም ያው! በሁለቱም ጊዜ ሌላ የመረጠ ብዙ ሰው ነበር፤ የውጤቱ ካርታ ላይ ግን የለም። ስለዚህ ተመጣጣኝ ውክልና ይምጣ ባይ ነኝ። 30 ከመቶ ድምፅ ያገኘ 30 ከመቶ ወንበር ይውሰድ።

ዮናስ (ባሕር ዳር)፦
ትዕግሥት፣ የ2002ቱን በምርጫ ሥርዓቱ ማላከክሽ አልተዋጠልኝም። ከ1997 በኋላ ሰው ተገድሏል፣ የቅንጅት መሪዎች ታስረዋል። በ2001 የበጎ አድራጎትና ማኅበራት አዋጁና የፀረ ሽብር አዋጁ ወጡ። ከዚያ ነው ከ547 ወንበር 545ቱ ለገዥው ፓርቲና ለአጋሮቹ የሆነው። የፖለቲካ ሜዳው ከተዘጋ የፈለግሽውን ቀመር ብታመጪ ለውጥ የለውም።
ሌላው፣ እኔ የምመርጠውን ሰው በስሙ ማወቅ እፈልጋለሁ። መንገዱ ሲበላሽ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ የት ሄጄ ማንን ልጠይቅ? የፓርቲ ዝርዝርን?

ትዕግሥት፦
ሜዳው መዘጋቱን መች ካድኩ? ግን በ2013ም ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 ወሰደ። ለኢዜማ የደረሰው 4፣ ለአብን 5 ነው። ነገ ሜዳው ቢከፈት እንኳ ይሄ ሕግ እስካለ ሁለተኛ የወጣው ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

ጋሽ ደረጀ (ቨርጂኒያ)፦
ልጆች፣ እኔ ከምኖርበት አገር ልጨምር። የምርጫው ማታ ቴሌቪዥን ስትከፍቱ ካርታው በአብዛኛው ቀይ ነው፤ ሰማያዊው እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያለ ነው። ቀዩ የሪፐብሊካኖች፣ ሰማያዊው የዴሞክራቶች ነው። ቀዩ ሰፊ መሬት ነው፣ ሰማያዊው ሰው የታጨቀበት ከተማ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ትራምፕ ካሊፎርኒያ ላይ 6 ሚሊዮን ድምፅ አገኙ። በዚያ ምርጫ ከየትኛውም ሌላ ክፍለ ግዛት ያገኙት ይህን አይደርስም፣ ቴክሳስም ጭምር። ፕሬዚዳንቱን ከሚመርጡት 55 የካሊፎርኒያ ወኪል መራጮች ግን አንድ እንኳ አልደረሳቸውም። ባይደንም ቴክሳስ ላይ ከ5 ሚሊዮን በላይ አግኝተው ከ38ቱ ዜሮ።
እኔን የሚያስፈራኝ የወንበሩ ነገር ብቻ አይደለም። ሰው ካርታውን ደጋግሞ ሲያይ «እዚህ ያለው የእኛ ወገን ብቻ ነው» ብሎ ያምናል። ጎረቤቱ ሌላ መምረጡን ሲሰማ እንደ ክህደት ያየዋል። ይሄ ለእኛ አገር እንዳይደርስ እፈራለሁ።

ከድር (ሐረር)፦
ጋሽ ደረጀ፣ ደርሷል እኮ! አፋርን ካርታ ላይ እዩት፣ ምን ያህል ሰፊ ነው። ያለው 8 ወንበር ነው። ነጥብ የምታህለው አዲስ አበባ 23 አላት። ይሄ በሕዝብ ቁጥር ነው፣ ችግር የለብኝም። ችግሬ ክልሎቻችን በብሔር ተከፍለው፣ በየምርጫ ክልሉ ብዙኃኑ ብቻ የሚያሸንፍ መሆኑ ነው። ከክልሉ ውጭ ተበትኖ የሚኖር ሰው የትም ቦታ አንደኛ አይወጣም። ኦሮሚያ ያለ አማራ፣ አማራ ክልል ያለ ኦሮሞ፣ ሁሉም ጋ ያለ ጉራጌ እንዴት ይወከል?
እኛ ጋ ለዚህ አንድ መላ አለ። ከክልላችን ምክር ቤት 36 ወንበሮች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው። አዲስ አበባ ወይም ድሬዳዋ የሚኖር ሐረሪም ለእነዚህ ድምፅ ይሰጣል። በ2013 ምርጫ ቦርድ አይሆንም ብሎ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። እኔ ሐረሪ አይደለሁም፤ ለሌላው ሰው ይህ ዕድል ለምን እንደማይሰጥ ግን አይገባኝም።

አልማዝ (ቂርያት መላኪ፣ እስራኤል)፦
ተመጣጣኝ የምትሉትን የምንኖርበት እኛ ነን። አገሩ በሙሉ አንድ ምርጫ ክልል ነው፣ 120 ወንበር። ከመጋረጃው ጀርባ ገብተሽ የፓርቲው ፊደል ያለበትን ብጣሽ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ትከቻለሽ፤ የሰው ስም አትመርጪም። ለእኛ ለቤተ እስራኤሎች ጠቅሞናል። ቁጥራችን ትንሽ፣ ኑሯችን የተበታተነ ሆኖ ሳለ አዲሱ መሰለ በ1996 እ.ኤ.አ. በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ክኔሴት፣ ማለትም ፓርላማ ገባ። በየከተማው አንደኛ የወጣ ቢሆን ኖሮ አስቡት።
ዮናስ ግን ያለው እውነት ነው። የከተማችን ተወካይ የሚባል ሰው የለንም። መንግሥት የሚቆመው በጥምረት ስለሆነ ከ2019 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት ጊዜ መርጠናል። ድምፅም ይባክናል። ወንበር ለማግኘት መነሻው 3.25 ከመቶ ነው፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሜሬጽ የሚባለው ፓርቲ ለጥቂት ወድቆ አንድም ወንበር አላገኘም።

ዮናስ፦
ይኸው! እኛ ጋ ያለውን የፓርቲ ብዛት ደግሞ አስቡት። ጥምረት ሳይሰምር ስድስት ወር ብንቆይ አገር ይጸናል?

ሜሮን (አዲስ አበባ)፦
ሁለቱን ማዋሃድ ይቻላል። ሌሶቶ በ1998 እ.ኤ.አ. የእኛው ዓይነት ሥርዓት ነበራት። ገዥው ፓርቲ በ60 ከመቶ ድምፅ ከ80 ወንበር 79 ወሰደ። ተቃዋሚው አልቀበልም አለ፣ የደቡብ አፍሪካ ጦር ገባ፣ ዋና ከተማዋ ማሴሩ ተቃጠለች። በ2002 እ.ኤ.አ. 80ዎቹን ምርጫ ክልሎች ሳይነኩ 40 ወንበር ጨመሩ። ጭማሪው በድምፁ ልክ ወንበር ላላገኘው ማካካሻ ነው። ዮናስም የሚጠይቀው ሰው ይኖረዋል፣ የትዕግሥት 60ዎቹም ይቆጠራሉ። እኛም አገር በ2009 መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ለፓርላማ የምርጫ ሕጉ እንዲህ እንዲሻሻል ይደረጋል ብለው ነበር።

ዮናስ፦
ቅይጡን እቀበላለሁ። ግን ሕገ መንግሥቱ ስለሚሻሻልበት መንገድ የሚናገረውን አንቀጽ 105ን አንብቡት። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ሊያጸድቁት ይገባል። ወንበሩን የያዘው በዚሁ ሥርዓት ያሸነፈው ነው። በምን አንጀቱ ይለውጠዋል?

ትዕግሥት፦
እሱ ነው ከባዱ። ለዚህ ነው ተቃዋሚዎች ስለ ዕጩና ስለ አየር ሰዓት ከመደራደራቸው በፊት ይህን አንድ ጥያቄ በጋራ ያቅርቡ የምለው። ሰባት ስምንት ሆነው አንድ ምርጫ ክልል ላይ ድምፅ ከመሻማት ይሻላቸዋል።