ስልኬ ተመለሰልኝ፤ ምንጮቼን ግን እንዴት ልጠብቅ?

ሰላም ወገኖች። ደሴ ሆኜ በግሌ ዘገባ እሠራለሁ። የወረባቦ ገበሬዎች ስለ ማዳበሪያ የነገሩኝን ካወጣሁ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ስልኬን ወስዶ፣ አቆይቶ መለሰልኝ። የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላሳዩኝም። የሲም ማስገቢያው ጠርዝ ተጭሯል። ቴሌግራሜ ላይም የማላውቀው መሣሪያ ገብቷል።

እኔስ እሺ፤ የሚያስጨንቀኝ የእነዚያ ገበሬዎች ጉዳይ ነው። አንዲት እናት ደውለው «ልጄ፣ የእኔም ስም እዚያ ውስጥ አለ እንዴ?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ።

ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 ላይ የስልክ ግንኙነት አይደፈርም ይላል። አንቀጽ 29 ደግሞ የፕሬስ ነፃነትን ያረጋግጣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሳም ሶል የተባለ ጋዜጠኛ ስልኩ መጠለፉን ደርሶበት ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2021 የጠለፋ ሕጉ ለጋዜጠኞችና ለጠበቆች በቂ ጥበቃ የለውም፣ የተጠለፈ ሰውም በኋላ ሊነገረው ይገባል አለ። እኔስ የማንን በር ላንኳኳ?

ሕግ የምታውቁ፣ ትእዛዙን እንዲያሳዩኝ በጽሑፍ ልጠይቅ? ለማን? ስልክ የምታውቁ ደግሞ፣ ያንን መሣሪያ ማስወጣት ይበቃል ወይስ ፎርማት ላድርገው? ማስረጃ እንዳይጠፋብኝም እፈራለሁ። ለገበሬዎቹስ ዛሬ ምን ልበላቸው?