62 ተማሪ፣ 40 ደቂቃ፦ ልጆች ስለ ሥዕላቸው እንዴት ይናገሩ?

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ አዘዞ

ሰላም መምህራን፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ጎንደር ውስጥ ሦስተኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ፤ 62 ተማሪ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። ልጆቹ ጥምቀትን ሥለዋል። አሁን እያንዳንዱ ስለ ሥዕሉ እንዲናገርና ሥራውን መለስ ብሎ እንዲያይ ነው የምፈልገው። ተራ በተራ ሲወጡ ግን ወረቀቱን ፊታቸው ላይ ይጋርዱና "ይህ ግንቡ ነው፣ ይህ ታቦት ነው፣ አመሰግናለሁ" ብለው ይቀመጣሉ። ክፍሉ ያጨበጭባል፤ ጥቂት ልጆች እንዳቀረቡ ይደወላል። እንዴት ላስኪደው? ነጥብስ በምን ልስጥ?

መምህር ከአራዳ

መምህርት፣ ሁሉም በሁሉም ፊት ያቅርብ የሚለውን ይተዉት። ለአንድ ልጅ 2 ደቂቃ ቢደርሰው እንኳ ከሦስት ክፍለ ጊዜ በላይ ይፈጃል፤ ከአሥረኛው ልጅ በኋላ ደግሞ የሚሰማ የለም። 12 ቡድን ያድርጓቸው፤ አሥሩ አምስት አምስት፣ ሁለቱ ስድስት ስድስት ልጅ ይይዛሉ።

ለአንድ ልጅ 3 ደቂቃ በቂ ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ጓደኞቹ ዝም ብለው ሥዕሉን ያያሉ፣ በሁለተኛው ባለ ሥዕሉ ይናገራል፣ በሦስተኛው ይጠየቃል። የዝምታውን ደቂቃ አይዝለሉት፤ ሳያዩ የሚጠይቁ ልጆች "ይሄ ምንድን ነው?" ከማለት አያልፉም። ሰዓቱን እርስዎ ይያዙና በጭብጨባ ሁሉንም ቡድን አንድ ላይ ያሸጋግሩ። ለልጆቹ ከተተወ አንዱ ቡድን በአምስት ደቂቃ ጨርሶ ሌላውን ይረብሻል። ስድስት ልጅ ያለበት ቡድን በ18 ደቂቃ ይጨርሳል፤ ለመቀመጫ ማስተካከያ 5 ደቂቃ ቢሄድ ለጽሑፍ 15 ያህል ይተርፋል።

ወረቀቱን ልጁ አይያዘው። ዴስኩ ላይ ይቀመጥ፣ ልጁ ከጎን ቆሞ በጣቱ እያሳየ ይናገር። እጁ ነፃ ሲሆን ጣቱ የት እንደሚሄድ ያያሉ፤ የሚናገረውም ጣቱን ተከትሎ ነው። ለመላው ክፍል የሚቀርቡ ሁለት ሦስት ሥዕሎች ካሉ ሲባጎ ላይ በልብስ መቆንጠጫ፣ ከወለሉ 1 ሜትር ግድም ከፍ አድርገው ይስቀሏቸው። በእርሳስ ብቻ የተሣለ ከኋላ ወንበር አይታይም፤ ቀደም ብለው ዳር ዳሩን በማርከር ወይም በወፍራም ክሬየን ያስደምቁት።

"ይህ ግንቡ ነው" የሚለው መልስ የሚመጣው "ምን ሣልክ?" ብለን ስለምንጠይቅ ነው። በፍሊፕ ቻርት እነዚህን ይጻፉላቸው፦

— መጀመሪያ የሣልኩት … ነው፤ ምክንያቱም …
— ሰው በደንብ እንዲያይልኝ የምፈልገው … ነው
— የከበደኝ … ነበር፤ ስለዚህ … አደረግሁ
— እንደገና ብሠራው … እለውጣለሁ

እያንዳንዱ ልጅ ሁለት ብቻ ይምረጥ። አራቱንም ይበል ከተባለ እንደ ግጥም ሸምድዶ ይመጣል።

ሠዓሊና አሠልጣኝ፣ ፒያሳ

ከላይ ያለው መልካም ነው፤ ግን ልጆቹ ስለ ምርጫቸው ከመናገራቸው በፊት ሠዓሊ እንደሚመርጥ ይወቁ። ጎንደር ላይ ሆነን ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መፈለግ የለብንም። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ፊታቸውን ሙሉ አዙረው በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎቹ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። አንድ እንዲህ ያለ ሥዕል ያሳዩና "የዚህ ሰው ለምን አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል?" ብለው ይጠይቁ። ልጆቹ ይገምቱ፤ ከዚያ ይንገሯቸው። ቀጥሎ "በእናንተ ሥዕልስ ማንን ትልቅ አደረጋችሁ?" ሲሉ ወሬው ይከፈታል።

የጥምቀት ሥዕል ላይ ካህኑ የያዙት ጥላ ከግንቡ በልጦ ታገኙታላችሁ። ስሕተት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ ልጅ ያስደነቀውን ያገዝፋል። "ጥላ ከግንብ ይበልጣል እንዴ?" የተባለ ልጅ ግን ላጲሱን ያነሣል፤ በሚቀጥለው ጊዜ የመጽሐፉን ሥዕል ገልብጦ ያመጣል። "ለምን ሰማያዊ ቀባሽው?" የሚለውም በእኛ አነጋገር ቁጣ ይመስላል። "ይህን ሰማያዊ ስትቀቢ ምን እያሰብሽ ነበር?" ቢባል ልጅቷ ትመልሳለች።

ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም ልጆች ካሉ ደግሞ ርእሱ "በዓል በሰፈሬ" ቢሆን ሁሉም የሚናገረው ያገኛል።

የመጀመሪያ ደረጃ ሱፐርቫይዘር

ስለ ነጥቡ፦ ለሥዕሉ ማማር ከሰጡ አስቀድሞ እጁ የተፍታታ ልጅ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ያስተማሩት አይለካም። ከ10 ቢሆን፣ አንድ ምርጫውን ከነምክንያቱ ለተናገረ 4፣ የከበደውንና ያደረገውን ለገለጸ 3፣ የጓደኛውን ሥዕል አይቶ ጥያቄ ለጠየቀ 3። "ጎበዝ፣ ያምራል" ጥያቄ አይደለም፤ "ሰዎቹ ወዴት ነው የሚያዩት?" ጥያቄ ነው። ነጥብም ሆነ እርማት ሥዕሉ ፊት ላይ በፍጹም አይጻፍ። ከጀርባው በእርሳስ፣ ከነቀኑ።

ለጽሑፉ አንድ ኤ4 ለአራት ይቀደድ፤ 16 ወረቀት ለሁሉም ይበቃል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፉና ከሥዕሉ ጀርባ ይለጥፉ። መጻፍ የሚቸግረው ይናገር፣ ጓደኛው ይጻፍለት።

ብዙዎቻችን የምንዘለው አንድ ነገር አለ። "እንደገና ብሠራው" ያለ ልጅ እንደገና ካልሠራው ቃሉ ባዶ ነው። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ግማሽ ወረቀት ይስጡትና የከበደውን ክፍል ብቻ ይሣል፦ ከበሮ የሚመታውን እጅ ብቻ፣ ወይም ውኃው ዳር የቆሙትን ሰዎች እግር ብቻ። የፊተኛውና የኋለኛው አብረው በካርቶን ማኅደር ይቀመጡ። በመካከላቸው ጋዜጣ ያስገቡ፤ ክሬየን ሲተሻሽ አጠገቡ ያለውን ያቆሽሻል።

የሦስተኛ ክፍል መምህርት፣ አዘዞ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ አገኘሁበት። ጭራሽ አልናገርም የሚል ልጅስ?

መምህር ከአራዳ

ተራው መጀመሪያም መጨረሻም አይሁን፤ ሦስተኛ ላይ ያድርጉት፣ ሁለት ሰምቶ ይጀምራል። በጣት የሚመለስ ጥያቄ ይጠየቅ፦ "ከየት ጀመርክ? የቱ ቦታ ከበደህ?" እያመለከተ ከመለሰ ለዚያ ቀን አቅርቧል፤ ነጥቡንም ያግኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ከአንድ የሚቀርበው ጓደኛው ጋር ሁለት ሆነው ይሞክሩት፤ ከዚያ ወደ አምስቱ ይመለስ።